የቤዙ አንገትና የበሬው ቆዳ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ሥጋውን ትቶ ቆዳውን የጠየቀ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን ጠይቄአለሁ። ያውም የጊፋታ በሬ፣ ያውም የቅርጫ ማኅበራችን አባላት ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ያውም እጄን አውጥቼ ዕድል ተሰጥቶኝ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ለማስረዳት ግን አስቀድሜ ስለ ደብል ቤዙ መናገር አለብኝ። ስለ ደብል ቤዙ ለመናገር ደግሞ ከጋሽ ዳልኬ መጀመር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ሥጋውም ቆዳውም ትንሽ ይቆዩን።

እኔ የአፈር ሰው ነኝ። ይህን ስል ሁላችንም አፈር ነን የሚለውን ስብከት ልጀምር አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ከየወረዳው በላስቲክ ታስሮ የሚመጣ አፈር እመረምራለሁ፤ ይኼኛው ጎምዝዟል፣ ኖራ ይጨመርበት፤ ያኛው ደህና ነው፣ አትንኩት ብዬ እጽፋለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ስመጣ ለእናቴ "ለስድስት ወር ነው" ብያት ነበር፤ እስካሁን ስትደውል ስድስት ወሩ አላለቀም ወይ ትለኛለች። ሚስት የለኝም። ያለኝ ነገር ቢኖር የተማሪነት ዘመን ትዝታ ነው፤ በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ቤዝ ጊታር እነካካ ነበር። "እነካካ" የምትለዋ ቃል ይሰመርባት።

ሰኔ ላይ ናሙና ልሰበስብ ገሱባ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ ቤት ተጠለልኩ። ባለቤቱ ጋሽ ዳልኬ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በአዘቦት ቀን ከረባት የሚያስሩ። ሳሎናቸው ጥግ ላይ ከእኔ የሚበልጥ ነገር አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሰው መስሎኝ "ደህና ዋሉ" አልኩት። ጋሽ ዳልኬ አንሶላውን ገለጡልኝ። ደብል ቤዝ ነው። ለማታውቁት፣ ቫዮሊን አድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ ቦርጭ ሲያወጣ የሚሆነውን ይመስላል፤ ቆመው አቅፈው ነው የሚጫወቱት።

ገሱባ ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው ገና ወጣት መምህር ሳሉ አብሯቸው ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ "እስክመጣ ጠብቅልኝ" ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፤ ሰውየው አልመጣም። ጋሽ ዳልኬ ግን አሁንም ይጠብቃሉ። ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው ይጫወቱበት ነበር፤ አሁን የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ ሪህ ይዞት መታጠፍ እምቢ ብሏል። አንዱን ክር በአውራ ጣቴ ሳብ አደረግኩት። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ መጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እንዲህ አሉኝ፤ "ውሰደውና ተለማመድበት። ጊፋታ በዋለ በአራተኛው ቀን ሶዶ እመጣለሁ፣ ትጫወትልኛለህ። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርገው እወስናለሁ። አደራህን ግን፣ የሰው ዕቃ ነው።"

አደራ የሚለውን ቃል እኔ ሰውነቴ አይችለውም። የብረት ምጣድ አደራ ቢሰጡኝ እንኳ ይሰበርብኛል። ቢሆንም ተቀበልኩ፤ ታሪኩ በሚባለው ሾፌራችን ፒክአፕ ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ዙሪያውን በአፈር ናሙና ጆንያ ደግፈን ይዘነው መጣን። ታሪኩን ቀስ በል እያልኩ ምራቄ ደረቀ። ከገሱባ ሶዶ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የምኖረው በእትዬ አስናቀች ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ አስናቀች አያታቸው በድሮ ጊዜ ከመንዝ ለሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ራሳቸው ግን ከወላይታዎቹ በላይ ወላይትኛ የሚያቀላጥፉ ሴት ናቸው። ክፍሌ አልጋ፣ ጠረጴዛና እኔን ብቻ አስቦ የተሠራ በመሆኑ ቤዙ ሲገባ ከአራታችን አንዱ መቆም ነበረበት፤ ቆምኩ። ማታ ማታ ስለማመድ የጎረቤት ውሻ ከሩቅ ይመልስልኛል። ቤዙ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸተኝ ነበር፤ የፈረንጅ ቫርኒሽ ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ ላይ ጣሪያዬ በቤዙ አናት ትክክል ማፍሰስ ጀመረ። ከሥራ ስገባ ጠብ ጠብ ሲልበት አየሁና ደንግጬ አንገቱን አንቄ፣ እንደ ሙክት እየጎተትኩ፣ ወደ አልጋው ወሰድኩት። ደብል ቤዝ በአንገቱ አይነሣም። ይህን የተማርኩት ካነሣሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ተበላሸ። አንዱን ኖታ ስነካ በትክክል ይነሣና መሀል መንገድ ላይ ይሰምጣል። በመጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩና ታጠብኩት። ቀጥሎ ክሮቹን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ አንገቱን ይዤ ወደ እኔ ሳብ ባደርገው ጊዜ መላ አንገቱ ራሱን ነቀነቀልኝ። አንገቱ ከትከሻው የሚገጥምበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል፤ ክሮቹ ሲወጠሩ ይከፈታል፣ ሲላሉ ይዘጋል። ተቀመጥኩ። መቀመጫ ስላልነበረ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት የተጠበቀ ዕቃ በሁለት ወር ውስጥ አንገቱን ቀነጠስኩት ማለት ነው። ለጋሽ ዳልኬ ልደውል ስልኬን አነሣሁና ስለ ዝናቡ ጠይቄአቸው ዘጋሁ።

ባለሙያ ማማከር ጀመርኩ። በርና አልጋ የሚሠራው አናጢ መጥቶ ሲያየው ብዙ አላሰበም፤ አራት ረጃጅም ቡሎን ከፊት ወደ ኋላ አሳልፈን እናስረዋለን፣ ከዚያ በኋላ ሰው ቢሰቀልበትም አይነቃነቅም አለኝ። የሚሰቀልበት ሰው እንደሌለ ነግሬ አሰናበትኩት። ታሪኩ ሾፌሩ አይቶት ዓይኑን ፈጥኖ ወደ መሬት መለሰና፣ ብረት ሳህን አስበይደን ከኋላ እንምታለት አለ። ሁለቱም ቅኖች ናቸው፤ ግን ሁለቱም ሲናገሩ ቤዙ ወደ ግድግዳው የተጠጋ መሰለኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከስልኬ ላይ ነው። አንድ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቪዲዮ ላይ ሆኖ፣ የላላ የቤዝ አንገት በእጁ ነቅሎ አወጣና መልሶ አጣበቀው። የሚናገረውን በግማሽ ነው የገባኝ፤ የገባኝ ግማሽ ግን ዋናው ነው። በዘመናዊ ኮላ እንዳታጣብቁት፣ በቡሎን እንዳትነኩት ይላል። የሚጣበቀው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው። ያ ሙጫ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ከአቅም በላይ ሲሆንበት ግን እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ራሱ ይለቅቃል። እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይጣበቃል። ይህ ሙጫ ሶዶ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ አራት ሱቅ ጠየቅኩ፤ ሦስቱ የጫማ ሙጫ አሳዩኝ፣ አራተኛው ቆዳ ከፈለግህ ጊፋታ እየደረሰ አይደል አለኝ።

እውነቱን ነው። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በሬ የማይታረድበት ሰፈር የለም። የመሥሪያ ቤታችንም የቅርጫ ማኅበር አለው፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ኦርካይዶ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን፣ የገሱባ ተወላጅ፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ መጋዘን ቁልፍ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። በስብሰባው ላይ የበሬው ጉዳይ አልቆ "ሌላ ሐሳብ ያለው" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ለእኔ ሥጋው ይቅርና ቆዳው ይሰጠኝ አልኩ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ታምሜ እንደሆነ በዝግታ ጠየቀችኝ። ጤነኛ ነኝ አልኩ። ጾም ነው ወይ አለ ሌላው። አይደለም አልኩ። እዚህ ላይ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፤ ግን አደራዬን እንደሰበርኩ አሥራ አንድ ሰው ፊት መናገሩ አሳፈረኝና "የግል ጉዳይ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። ከዘጠኝ ዓመት ኑሮ በኋላ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በጊፋታ ሰው ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። የተጣላ አስቀድሞ ይታረቃል፣ ከታረቀ በኋላ አብሮ ቁርጥ ይበላል። ከሰው ጋር ሥጋ አልበላም ማለት፣ ያውም "የግል ጉዳይ ነው" ተብሎ፣ ከመካከላችሁ አንዱ በድሎኛል፣ አልታረቀውም ማለት ነው። ይህን ያስተዋልኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ የክፍሌ በር ሲንኳኳ ነው።

አቶ ኦርካይዶ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ታሪኩ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል። እትዬ አስናቀች ወንበር ይዘው መጡና ወንበሩን አስቀምጠው ራሳቸው ተቀመጡበት። ሽማግሌዎቹ አልጋዬ ላይ፣ እኔና ቤዙ ቆመን፣ አቶ ኦርካይዶ ጸሎት አድርገው ጀመሩ።

"አንተ የእኛ ልጅ ነህ" አሉኝ። "ሥጋ አልበላም ስትል እኛ ዝም አንልም። ማን በደለህ? ስሙን ተናገር፤ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቅሃል።"

ማንም አልበደለኝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማንም አልበደለኝም የሚል ሰው ቂሙ የጠለቀ ነው ተብሎ ይታሰባል መሰለኝ፣ ነገሩን ይበልጥ በዝግታ ያዙት። ሙጫ ልሠራበት ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አንደኛው ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ማመካኛ አያስፈልግም ልጄ አሉኝ። በዚህ መሀል ታሪኩ ከኋላ ወደ ፊት ወጣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

በደለኛው እሱ እንደሆነ ተናገረ። ከገሱባ ስንመጣ እኔ ኔትወርክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወርጄ ስልክ ሳወራ፣ መኪናዋን ላዙር ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቤዙ ተንሸራትቶ አንገቱ ከጋቢናው ብረት ጋር ተጋጭቶ "ቋ" አለ። ያቺን "ቋ" ከሰኔ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይሰማታል። እኔ አውቄበት ቂም የያዝኩ መስሎት ኖሯል።

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሳቸውም የሚናገሩት ነበራቸው። እኔ መስክ ስወጣ ክፍሌን ከፍተው፣ ከጣሪያ በታች ነፋስ የሚያገኝ ሌላ ቦታ ስላጡ፣ በቤዙ መቃኛዎች ላይ ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎኑ ሰቅለው ያደርቁ ነበር፤ አንድ ቀን ሊያወርዱ ሲስቡ ከነሽንኩርቱ አልጋው ላይ ወደቀባቸው። "ሰው ያቀፍኩ ነው የመሰለኝ፣ ደንግጬ መልሼ አቆምኩት" አሉ። የቫርኒሹ ምሥጢር እዚያ ላይ ተፈታልኝ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን አቶ ኦርካይዶ ቁልፋቸውን እያሻሹ ወለል ወለሉን ያዩ ነበር። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አምና ሐዋሳ ለነበረው ሥልጠና የእኔ ስም ያለበት ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ እሳቸው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና ረሱት፤ ሲያስታውሱ ሥልጠናው አልቋል። ከቤዙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ግን ሁሉም ሲናገር ዝም ማለት ከበዳቸው። ይህ ሥልጠና ፈልጌ ዓመት ሙሉ ያመለከትኩበት ነው። ያለ አንዳች ቂም የቆምኩ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሦስት ቂም ባለቤት ሆንኩ፤ እንዳልናደድ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አንገቱን አንቄ የጎተትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የጋሽ ዳልኬን አደራ እንደበላሁ፣ ፊታቸውን እንዴት እንደማይ እንደጨነቀኝ ነገርኳቸው። የጋሽ ዳልኬን ስም ስጠራ የአቶ ኦርካይዶ ፊት ተለወጠ።

"መምህር ዳልኬ? የገሱባው?" አሉ። "እኔ ለሁሉም ሰው ይቅር ብያለሁ። ለእሱ ብቻ አላልኩም።"

ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የጂኦግራፊ መምህራቸው ጋሽ ዳልኬ ነበሩ። የማጠቃለያ ፈተና ተፈተኑ፤ የሁሉም ልጅ ወረቀት ታርሞ ሲመለስ የእሳቸው የለም። ጠፍቷል ተባሉ። በዚያች አንዲት ትምህርት ምክንያት ክፍል ደገሙ። "እናቴ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰችም" አሉ አቶ ኦርካይዶ፤ "እኔ ያንን ፈተና በሚገባ ሠርቼዋለሁ። ያቺ ወረቀት ባትጠፋ ዛሬ መጋዘን ጠባቂ አልሆንም ነበር።" ሽማግሌዎቹ እርስዎ አስታራቂ ሆነው ቂም ይይዛሉ ወይ ቢሏቸው ያ ሌላ ነገር ነው አሉ። ጋሽ ዳልኬ በሚመጡበት ቀን እዚህ ግቢ ዝር እንደማይሉም አስታወቁ።

ያም ሆኖ እኛ ታረቅን። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ ቆዳው ይሰጠኛል፣ ሥጋውን ግን በግድ እበላለሁ። ቅዳሜ በሬው ታረደ፤ ሁሉም እያዩኝ ቁርጤን በዳጣ በላሁ። ዳጣውን የሠራው ሰው ከእኔ ጋር ገና ያልታረቀ መሆን አለበት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እነሱ ግን በዕርቁ የተነካሁ መሰላቸውና ደስ አላቸው።

ሙጫውን በመሥራት የአፈር ሰውነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፈር ውጭ ጠቀመኝ። ለጎምዛዛ አፈር የምናዘው ኖራ ፀጉር ከቆዳ ያላቅቃል። ቆዳውን ቆራርጬ በኖራ ዘፈዘፍኩ፣ ፋቅኩ፣ ደጋግሜ አጠብኩ፤ ከዚያ በድልህ ቆርቆሮ አድርጌ፣ ቆርቆሮውን ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሰል ላይ ጣድኩ። ሽታውን አልገልጽላችሁም። እትዬ አስናቀች አንዴ መጥተው ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አማተቡና ሄዱ። የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ስላለባቸው አፍ አውጥተው መናገር አልቻሉም። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ግን ቆርቆሮው ውስጥ ማር የሚመስል፣ ጣትና ጣት የሚያጣብቅ ነገር ቁጭ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ክሮቹን አላልቼ፣ ክሮቹን ከሥር የሚደግፈውን ድልድይ አውርጄ፣ አንገቱን ሳብ ሳደርገው ያለ አንዳች ትግል ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። የተሰበረ እንጨት የለም። ስንጥቅ የለም። መጋጠሚያው ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ አንገቱ እንዳይነቃነቅ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ የተሰገሰገ፣ ሙጫ ጠጥቶ እንደ እንጨት የጠነከረ ወረቀት። በጉጠት አወጣሁት። እንዳይቀደድ ፈርቼ አልዘረጋሁትም፤ ከላይ የወጣችው ጠርዝ ላይ ግን በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ በጥንቃቄ፣ "ኦርካይዶ" ይላል።

ነገሩ ሲገባኝ መጀመሪያ ቀለለኝ፤ አንገቱን የነቀልኩት እኔ አይደለሁም፣ ታሪኩም፣ እትዬ አስናቀችም፣ ነጭ ሽንኩርቱም አይደሉም፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት የላላ ነበር። ቀጥሎ ከበደኝ። ጋሽ ዳልኬ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ያወቁትን በአንድ ልጅ ፈተና ሸፍነው ነው። ወረቀቷን ከሰሉ ላይ ብጥላት ማንም አያውቅም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። ሳትበላ የቀረች አንዲት እናት ትዝ አለችኝና መለስኩት።

አንገቱን በትኩስ ሙጫ አጣበቅኩ፣ በተቀዳደደ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ጠፍሬ አሰርኩት፣ ቀጥታ አቶ ኦርካይዶ ቤት ሄድኩ። ወረቀትዎ ተገኝቷል አልኳቸው፤ የት እንደነበረም ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። በእንፋሎት እንክፈተው ስላቸው ግን እምቢ አሉ፤ "እሱ ባለበት ነው የሚከፈተው" አሉ። "ያለፍኩበትን ወረቀት በዓይኑ ማየት አለበት።"

ረቡዕ ጋሽ ዳልኬ ከረባታቸውን አስረው፣ ሙዝ ይዘው መጡ። እትዬ አስናቀች ሻይ ጥደዋል፤ ታሪኩ በር ላይ ቆሟል። "ዮዮ ጊፋታ" ተባባልንና ቤዙን አቅፌ መጫወት ጀመርኩ። ቀላል ነገር ነው የተጫወትኩት፣ ከባድ ስለማልችል። ኖታው ግን ከተነሣበት አልሰመጠም፤ ወለሉን ይዞ ሄደ። ጋሽ ዳልኬ ዓይናቸውን እንደ ሰኔው ጨፈኑ። ስጨርስ ተነሥተው መጡና መጀመሪያ የነኩት ክሮቹን አልነበረም፤ አንገቱን ከትከሻው በሚገጥምበት ቦታ ይዘው ገፋ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ገፉት።

"አስተካከልከው" አሉ በቀስታ። "እንግዲያው አይተኸዋል።"

ተቀመጡና ነገሩን። ቤዙ አደራ በተሰጣቸው በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ፈተና ሲያርሙ ቆይተው ሊጫወቱ ሲያነሡት አንገቱ ተላቀቀ። ሰውየው በማግሥቱ የሚመጣ መሰላቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ወረቀት አጣጥፈው ሰገሰጉበት፤ የማን እንደሆነ ያወቁት ጠዋት ነው። አውጥተው እንዳይመልሱት አንገቱ ይወድቃል። "ለእኔ የሰጠኝ ሰው ፊት ላለማፈር ብዬ ልጁን አሳፈርኩት" አሉ። "ለአንተ ስሰጥህም ሳልነግርህ ነው። አንተ እጅ ላይ ቢሰበር የሰበርኩት እኔ አልሆንም ብዬ አስቤ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ይቅር አልኳቸው። እንዴት አልላቸው፤ እኔም ስለ ዝናብ ጠይቄ ስልክ የዘጋሁ ሰው ነኝ።

በዚህ ጊዜ አቶ ኦርካይዶ ከእትዬ አስናቀች ቤት ወጥተው ገቡ። እዚያ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ መምህሩና ተማሪው፣ ተያዩ። ጋሽ ዳልኬ ሊነሡ ሲሉ አቶ ኦርካይዶ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው አስቀመጧቸው፤ ከዚያ ለእኔ በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡኝ። ወረቀቷን በሻዩ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዝኳት። ሙጫው ለሰለሰ። አንድ እጥፋት፣ ሁለት እጥፋት፤ የመጨረሻዋ እጥፋት ስትከፈት ቀዩ እስክሪብቶ ብቅ አለ።

ከሃያ፣ ስድስት ብቻ።

አቶ ኦርካይዶ መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ፣ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቧት። የኢትዮጵያን ረጅም ወንዝ ጥቀስ ለሚለው ጥያቄ "ዳሞታ" ብለው መልሰዋል። ዳሞታ ተራራ ነው፤ ከዚያው መስኮት ይታያል። ቀና ብለው ተራራውን አዩት፣ ወረቀቷን አዩ። ጋሽ ዳልኬ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለቀሱ መስሎኝ ልጠጋቸው ስል ሳቃቸው ፈነዳ። አቶ ኦርካይዶ ጥቂት ታገሉ፤ ከዚያ እሳቸውም አልቻሉም፣ መምህራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። በዚያ ቤት ያልሳቀው ቤዙ ብቻ ነበር፤ እሱም ሆዱ ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ዳልኬ ሲሄዱ ቤዙን አልወሰዱም። አሁንም አደራ ነው፣ አደራውን ለሁለት እንጠብቀው አሉኝ። ሲለቅቅ ጥራኝ፣ መልቀቁ አይቀርም፣ በሙጫው እንረዳዳለን አሉ።

አቶ ኦርካይዶ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። ወረቀቷን በድሮዋ እጥፋት አንድ በአንድ መልሰው አጣጠፉና እጄ ላይ አስቀመጧት። "አንገቱ እንደገና የላላ ቀን እዚያው መልሰህ ክተታት" አሉኝ። "እስከዚያ ለማንም እንዳታሳይ።"

አደራቸውን ተቀብያለሁ። ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ለማንም አላሳየሁም። ይህም ቢሆን ለእናንተ የነገርኩት ነው እንጂ ያሳየሁት አይደለም።